የአንዲት አሮጌ ዲኤክስ ላሜራ ለቀለም ሲዘጋጅ፦ የጤናና የደኅንነት ጥንቃቄ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት፦ ርክክብና የመጀመሪያ ምርመራ

ዛሬ የተረከብናት መኪና በተለምዶ ዲኤክስ የምንላት፣ የ1980ዎቹ ሥሪት የሆነች ቶዮታ ኮሮላ ናት። የግራ ፓራፋንጎዋ ከሶማሌ ተራ በተገዛ ያገለገለ ዕቃ ተተክቷል፤ የኋላ በሯ ተመትቶ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ኮፈኗ ደግሞ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ከሥሩ ዝገት ጀምሯል። የመጨረሻው ቀለም የሚረጨው ፎርኖ (የቀለም መርጫና ማድረቂያ ክፍል) ባለው ሌላ ጋራዥ ነው። የእኛ ድርሻ ላሜራውን አቃንተን፣ ዝገቱንና አሮጌውን ቀለም አንሥተን፣ ስቱኮውን (የላሜራውን ጉድለት የሚሞላውን ልጥፍ) ሞልተንና አስተካክለን እስከ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ ሥር እስከሚቀባው ሽፋን፣ ድረስ ማድረስ ነው።

ይህን ማስታወሻ የምይዘው በዚህ ድርሻ ውስጥ ያለውን አደጋ ከሥራው ጋር እኩል ለመከታተል ነው። በጋራዦቻችን ስለ ጤና የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ ስፕሬይ ሲነሣ ነው፤ ቀለም ቀቢው አፍንጫውን ይሸፍናል፣ ሌላው ከአካባቢው ይርቃል፣ ቀለሙ ሲያልቅ አደጋውም ያለቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ በአንድ መኪና የቀለም ሥራ ውስጥ ረጅሙን ሰዓት የሚወስደው መፋቁ፣ መሙላቱና ማለስለሱ በመሆኑ፣ ሠራተኛው አቧራውንና ትነቱን ለብዙ ሰዓት የሚስበው ማንም አደጋ አለ ብሎ በማይጠረጥርበት በዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ከማንኛውም መፋቅ በፊት ከኮፈኑ ጥግ የሳንቲም ስፋት ያላት ቦታ በውኃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት አሽቼ የቀለሙን ሽፋኖች አየሁ። ከላይ ነጭ፣ ከሥሩ ቢጫ፣ ከዚያ ግራጫ ፕራይመር፣ በመጨረሻም ባዶ ብረት ተገኘ። ያሳሰበኝ ቢጫው ነው። ደማቅ ቢጫ ቀለም ለረጅም ዘመን ይሠራ የነበረው በሊድ ክሮሜት ሲሆን፣ ይህ ንጥረ ነገር ሊድን (መርዛማውን የእርሳስ ብረት) እና ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ የክሮሚየም ዓይነትን በአንድነት የያዘ ነው። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረው ሊድ ከአንድ ሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ የሚወስነው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ስለሆነ፣ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ለተቀባ መኪና ምንም ዋስትና አይሰጥም። መመርመሪያ መሣሪያ ስለሌለን ቀለሙ ሊድ እንዳለበት ቆጥረን እንድንሠራ ወሰንሁ። ይህ አንድ ውሳኔ የሥራውን ቅደም ተከተል ለወጠው፤ ኮፈኑን በግራይንደር በደረቁ መፋቅ ከዕቅዱ ወጣ።

ሰኞ ከሰዓት፦ ቦታ ማመቻቸት

መኪናዋን ከመካኒኮች ጉድጓድና ከብየዳው ቦታ አርቀን በግቢው ምዕራባዊ ጫፍ አቆምናት። በጥቅምት ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ እዚያ የሚነሣ አቧራ በሌሎች ሠራተኞች ላይ ሳያልፍ ይወጣል። ሠራተኛውም በተቻለ መጠን ነፋሱን በጀርባው ወይም በጎኑ አድርጎ ይቆማል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን የቡናው ጉዳይ ነው። ቡና የምታፈላልን እህታችን የከሰል ምድጃዋን የምታስቀምጠው ቲነርና ቀለም ከምናከማችበት ክፍል በር አጠገብ ነበር፤ ቦታው ከነፋስ የተጠበቀ ስለሆነ ለእሷ ይመቻታል። የቲነር ትነት ግን ከአየር ይከብዳል። ክዳኑ ከላላ ጣሳ ወይም ከራሰ ጨርቅ ተነሥቶ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሊሄድ ይችላል፤ ፍም ደግሞ የሚገኘው እዚያው መሬት ላይ ነው። በቲነር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቶሉይን በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ ጠዋት ቅዝቃዜ አያስተማምንም። ምድጃውን በምሥራቅ በኩል ወዳለው የዘበኛ ክፍል ጥግ አዛወርነው፤ ለእሷም ከነፋስ የሚከልል ቆርቆሮ አቆምንላት። መከለያውን ባናቆምላት ኖሮ በሁለተኛው ቀን ወደ ቀድሞ ቦታዋ መመለሷ አይቀርም ነበር፤ የሰውን ምቾት ሳይተኩ «አትቀመጪ» ማለት ብቻ ውጤት የለውም።

የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያውን ከቀለም ክፍሉ ውስጥ አውጥተን ከበሩ ውጭ ሰቀልነው። እሳት ከተነሣ ማንም ማጥፊያ ፍለጋ ወደሚነድ ክፍል መግባት የለበትም። ለቲነር እሳት ውኃ እንደማይደፋ፣ ቢደፋ የሚነደውን ፈሳሽ ተንሳፍፎ እንዲሰራጭ እንደሚያደርገው ለሁሉም አስረድቻለሁ። ባትሪውም ተፈቷል።

ማክሰኞ፦ ዝገትና ግራይንደር

የዛሬው ሥራ የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ክፍልና የበሩን የታች ጠርዝ ከዝገት ማጽዳት ነበር። በእነዚህ ቦታዎች ቀለሙ ቀድሞ ስለረገፈ፣ በግራይንደር ላይ በሚገጠም የሽቦ ብሩሽ መሥራት ይቻላል።

ከግቢው ግራይንደሮች አንዱ መከላከያ ክዳን የለውም፤ ትልቅ ዲስክ እንዲገባበት ተብሎ የተነሣ ነው። ይህ ልማድ በየጋራዡ የሚታይ በመሆኑ ሒሳቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁት። 125 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ፍጥነት በደቂቃ 12,200 ዙር ያህል ሲሆን፣ 230 ሚሊ ሜትሩ ግን 6,600 ዙር ገደማ ብቻ ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ያህል ይሽከረከራል። ትልቁ ዲስክ በእርሱ ላይ ሲታሰር ጠርዙ በሰከንድ ከ130 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ዲስኩ የተሠራው ግን ለ80 ሜትር ነው። ሲፈነዳ ቁራጩ የሚያገኘው ከፊቱ ያለውን ፊት ወይም አንገት ሲሆን፣ የሚያግደው ክዳንም አስቀድሞ ተነሥቷል። መሣሪያውን ከአገልግሎት አውጥቼ ሶኬቱን ቆረጥሁ። ክዳን እስኪገዛለት ድረስ ማንም እንዳይጠቀምበት ከዚህ ያነሰ እርምጃ አይበቃም።

ከሽቦ ብሩሹ የሚወጡት ሽቦዎች እንደ መርፌ ስለሚወነጨፉ ከመነጽር በላይ ሙሉ የፊት መከለያ ተደርጓል። የጆሮ መከላከያም ግዴታ ነው። ለ8 ሰዓት ሥራ ወሰን ሆኖ የሚጠቀሰው የድምፅ መጠን 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ላሜራ ላይ የሚሠራ ግራይንደር 100 ዴሲቤል ሲደርስ ያለ መከላከያ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ባዶ በር እንደ ከበሮ ስለሚያስተጋባ ከውስጥ በኩል አሮጌ ምንጣፍ አስደግፈንለታል፤ ጩኸቱ በግልጽ ቀንሷል።

ተለማማጃችን ገና 18 ዓመት አልሞላውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትንም ለሕይወታቸውና ለጤናቸው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቅድም። ግራይንደሩን ስከለክለው፣ «ጋሼ፣ ሳልይዘው በምን እማራለሁ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመብራቶቹንና የመስታወቶቹን ጠርዝ በወረቀትና በቴፕ መሸፈን፣ ጌጦቹንና እጀታዎቹን ፈቶ በየስማቸው ማስቀመጥ፣ በንጹሕ ቁራጭ ላሜራ ላይም የታኮ (ብርጭቆ ወረቀት የሚጠቀለልበት መያዣ) አያያዝ መለማመድ የእርሱ ድርሻ ሆነ። በቀለም ዝግጅት መስመሩን ያልጠበቀ ቴፕ የመጨረሻውን ሥራ ስለሚያበላሽ፣ የሰጠሁት ሥራ ትንሽ እንዳልሆነ ነግሬዋለሁ።

ረቡዕ፦ አሮጌውን ቀለም ማንሣት

ኮፈኑን በውኃ ብቻ ነው የፋቅነው። የቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ እንድንጠቀም ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም ከእነዚህ ፈሳሾች አንዳንዶቹ ሜቲሊን ክሎራይድ የያዙ ናቸው። ይህ ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ አየር በማይዘዋወርበት ቦታ ሰው ገድሏል። በጣሳው ላይ ይዘቱ ያልተጻፈ ነገር በዚህ ግቢ አይከፈትም። በአሸዋ መንፋትም አልመረጥሁም፤ ከአሸዋ የሚወጣው ሲሊካ ሳንባን በማይድን ሁኔታ ያጠነክራል፣ ብሪታንያም አሸዋን ለዚህ ሥራ መጠቀምን ካገደች ከ70 ዓመት በላይ ሆኗታል።

ውኃ የማያበላሸው ብርጭቆ ወረቀት፣ ጥቂት ሳሙና የተጨመረበት ባልዲ ውኃና የጎማ ታኮ ይዘን ከሸካራው ወደ ለስላሳው እየሄድን ሠራን። ሥራው አዝጋሚ ነው፣ እጅም ያደክማል፤ ነገር ግን አቧራው ወደ አየር ሳይነሣ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። በዚህ ቦታ ማንኛውም የኤሌክትሪክ መሣሪያ እንዳይኖር አድርገናል። ከመኪናዋ ሥር ሸራ አንጥፈን የወረደውን ጭቃ በጨርቅ እየሰበሰብን በባልዲ አጠራቅመናል። ወደ መንገዱ ቦይ ቢለቀቅ ከጋራዡ በታች ያሉ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የሊድ መጠን አይታወቅም የሚለው በከንቱ አይደለም።

ሊድ ወደ ሰውነት የሚገባው በአየር ብቻ ሳይሆን በእጅና በአፍም ነው። ስለዚህ ለምሳ ከመውጣት በፊት እጅ፣ ጥፍርና ፊት በሳሙና ይታጠባል፣ ቱታው ይወልቃል፣ በሥራ ቦታው ሲጋራም ሆነ ቆሎ አይነሣም። ቱታ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ክልክል ሆኗል። እዚሁ ለብቻው ይታጠባል፤ አባት በቱታው የወሰደውን አቧራ የሚያቅፈው ልጁ ነውና።

ከሰዓት በኋላ ወተት መጣ። በቀለምና በአቧራ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ወተት ደረትን ያጥባል ብለው ያምናሉ፤ አንዳንድ አሠሪም ወተት ካቀረበ ግዴታውን እንደተወጣ ይቆጥራል። ወተቱ መልካም ምግብ ነው፣ እንዲቀርም አልፈልግም። ግን የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። አዋጁ አሠሪው መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያዛል። የወተቱ ወጪ የማጣሪያውን ወጪ እንዳይተካ ከጋራዡ ባለቤት ጋር ተነጋግረን ሁለቱም በተለያየ በጀት እንዲያዙ ተስማምተናል። ዛሬ ካገኘሁት ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐሙስ፦ ስቱኮ

የዛሬው ቀን ከሁሉም የከበደው ነው፤ ምክንያቱም የጤና ጥንቃቄና የሥራ ጥራት በቀጥታ የሚጋጩበት ቦታ እዚህ ነው። ትናንት አቧራውን በውኃ አስቀርተናል። ስቱኮን ግን በውኃ ማሸት አይቻልም፤ በስቱኮው ፖሊስተር ሙጫ ውስጥ ያለው ታልክ የተባለው ዱቄት ውኃ ይመጥጣል፣ እርጥበቱም ከቀለሙ ሥር ታፍኖ ከወራት በኋላ ቀለሙን ያሳብጣል፣ ላሜራውንም ያዝገዋል። ስለዚህ በደረቁ መታሸት አለበት። ደረቅ ስቱኮ ደግሞ በጣም ደቃቅ የሆነ ነጭ አቧራ ያወጣል፤ በጋራዥ ውስጥ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ የሆነ ሠራተኛ ያላየ ሰው የለም።

መፍትሔው የጀመረው ላሜራውን ከሚያቃናው ባለሙያ፣ ከባትላሜራው ነው። በሩን ዛሬ ጠዋት ለስቱኮ ሊያስረክበኝ ሲያስብ፣ ጉድለቱ በየትኛውም ቦታ ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ አድርጎ እንዲያቃናው ለመንሁት። እርሱም ከሥር በድጋፍ ብረት እየያዘ፣ በቀላል መዶሻ እየመታ፣ በረጅም ማስመሪያ እየለካ ግማሽ ቀን ያህል ጨመረበት። የሚሞላው ስቱኮ ሲያንስ የሚታሸው ያንሳል፤ የሚታሸው ሲያንስ አቧራው ያንሳል። አንድ የተካነ ባትላሜራ ለቀለም ቀቢው ሳንባ የሚያደርገውን ያህል የትኛውም ማስክ አያደርግም።

ስቱኮው የሚሟሟበት ስታይሪን ያ የምናውቀው ኃይለኛ ሽታ ምንጭ ነው። ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያቃጥላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2018 ካንሰር የማምጣት ዕድላቸው ከፍተኛ ነው ከሚላቸው ነገሮች መካከል መድቦታል። ማደባለቁን ያደረግነው ውጭ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ የኒትራይል ጓንት አድርገን ነው። ሃርድነሩ (ማጠንከሪያው) ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ሲሆን፣ ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ያህል ይበቃል። ጠዋት ሲበርድ ቶሎ እንዲይዝ ብሎ አብዝቶ መጨመር የተለመደ ነው። ትርፉ ግን ከቀለሙ በላይ ወጥቶ የሚታይ እድፍና የሚፈነዳዱ ቀዳዳዎች ስለሆነ፣ እንደገና መሙላትና እንደገና ማሸት ያስከትላል። ሃርድነሩ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ለዚሁ ብቻ የሚሆን ቧንቧ ያለው ጀሪካን ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል።

ስቱኮው ጠንክሮ ሳይጨርስ፣ ጥፍር ሲጫነው ምልክት በሚይዝበት ጊዜ፣ ትርፉን በሻካራ ሞረድ አነሣነው። በዚህ ሰዓት የሚወጣው እንደ ተፋቀ አይብ ቅርፊት ሆኖ ይወድቃል እንጂ አይበንም። አብዛኛው ቅርጽ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። የቀረውን በ80 ቁጥር፣ ከዚያ በ180 ቁጥር ወረቀት፣ በእጅ በሚያዝ ታኮ፣ የአቧራ መምጠጫውን አፍ ከታኮው ጠርዝ ሳናርቅ አሸነው። መምጠጫው ደቃቅ አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው መሆን አለበት፤ ተራ የቤት መጥረጊያ ማሽን ትልቁን ይዞ ደቃቁን ከኋላው መልሶ ይነፋዋል፣ ለሳንባ የሚከፋው ደግሞ ደቃቁ ነው። ከግራይንደር ጋር ግን አልተጠቀምንበትም፤ የእሳት ብልጭታ በተጠራቀመ አቧራ ውስጥ ገብቶ ሊጤስ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ማስክ የሚመጣው። ለአቧራ ነጭ መስመር ያለው ፒ3 ማጣሪያ፣ ለትነት ቡናማ መስመር ያለው ኤ2 ማጣሪያ ያስፈልጋል። የሐኪም ማስክና በፊት ላይ የታሰረ ሻሽ ለሁለቱም አይሆኑም። ማጣሪያዎቹን በመዳፍ ከድኖ አየር ሲሳብ ጎማው ወደ ፊት ካልተጣበቀ ማስኩ ያሳልፋል ማለት ነው። አንዱ ባልደረባችን ጢም ስላለው ጎማው አልገጠመለትም። ጢሙን በእምነቱ ምክንያት ስለማይላጭ፣ እርሱን ወደ ላሜራ ማቃናቱ አዛውረን ማሸቱን ሌላ ሰው ወሰደ።

አቧራን ከልብስና ከፀጉር በኮምፕሬሰር መንፋት ተከልክሏል። የጠራውን አየር እንደገና ያቆሽሸዋል፤ ከቁስል በኩል ወደ ሰውነት የገባ የታመቀ አየርም ሊገድል ይችላል።

ዓርብ፦ ቅባት ማጽዳትና ፕራይመር

ከፕራይመር በፊት ላሜራው ከቅባትና ከእጅ አሻራ መጽዳት አለበት። ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል ተብሎ በብዙ ጋራዥ ለዚህ ሥራ የሚውለው ቤንዚን ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ በውስጡ ያለው፣ በእንግሊዝኛ benzene የሚባለው ንጥረ ነገርም የደም ካንሰር ያመጣል። ለላሜራ ማጽጃ የተዘጋጀውን ፈሳሽ ገዝተን፣ በትንሽ ጠርሙስ ቀድተን፣ በአንድ ጨርቅ እየቀባን ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አነሣነው። የራሱት ጨርቆች ክዳን ባለው የብረት በርሜል ውስጥ ገብተዋል። በቲነር እጅ መታጠብም ቆሟል፤ ቲነር የቆዳን ቅባት አንሥቶ ራሱ ወደ ውስጥ ይገባል። የተጣበቀ ቀለም በጥቂት የምግብ ዘይት ከላላ በኋላ በሳሙና ይለቃል።

ስለ ፕራይመሩ ከባለቤቱ ጋር ረዘም ያለ ውይይት አድርገናል። እርሱ ቶሎ ደርቆ ጥሩ የሚሞላውን፣ ቱኬ የምንለውን ባለሃርድነር ፕራይመር እዚሁ እንድንረጭ ፈልጎ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሃርድነር አይሶሳያኔት አለበት። የብሪታንያ የጤናና ደኅንነት ባለሥልጣን የመኪና ቀለም ረጪዎች በአስም የመያዝ ዕድላቸው ከአገሪቱ ሌላ ሠራተኛ 80 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ ገልጿል፤ መንሥኤውም ይኸው ነው። አንድ ሰው ሰውነቱ አንዴ ከተቆጣበት በኋላ በጣም ጥቂት መጠን እንኳ ትንፋሹን ሊያሳጥረው ስለሚችል ሙያውን ለመተው ይገደዳል። ጭጋጉ ዓይን የማያየው፣ አፍንጫም የማያሸተው ሆኖ በአየር ላይ ይቆያል። ስለዚህ የማጣሪያ ማስክ ማጣሪያው ሲያልቅ የሚያስታውቅ ሽታ አይኖርም፤ ለዚህ ሥራ የሚመከረው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ማስክና አየር የሚስብ ክፍል ነው። ሁለቱም የሉንም። ስለዚህ እዚህ አይረጭም፤ ፎርኖ ያለው ጋራዥ በራሱ ክፍል ይረጨዋል።

በእኛ በኩል ባዶው ብረትና ስቱኮው እርጥበት እንዳይስቡ ኢፖክሲ ፕራይመር በብሩሽና በትንሽ ሮለር ቀብተናል። በጣሳው ላይ አይሶሳያኔት አለመኖሩን አንብበናል። ሳይረጭ ስለሚቀባ ጭጋግ የለውም፤ ሽፋኑ ግን እንደ ስፕሬይ ለስላሳ ስለማይሆን ተጨማሪ ማሸት ይጠይቃል። የኢፖክሲ ሃርድነርም ቆዳን የሚያስቆጣ በመሆኑ ጓንቱ እስከ ክንድ የሚደርስ ነው፤ የነካው ጓንት ደግሞ ለሌላ ሥራ አይውልም።

ሰኞ፦ ማለስለስና ማስረከብ

ኢፖክሲው በብርዱ ምክንያት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ እሑድን አልፎ እንዲቆይ ተደርጓል። ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ማሸት ያልደረቀውን ኬሚካል ከአቧራው ጋር ወደ አየር ማንሣት ነው። ዛሬ ስቱኮው በፕራይመር ስለተሸፈነ በውኃ፣ በ400 ቁጥር ወረቀት አሸነው፤ የሸፈነው ቦታ እንዳይሳሳ ጠርዞቹን በእጅ ብቻ ነካናቸው።

ለተረካቢው ጋራዥ በአንድ ገጽ ወረቀት የሚከተለው ተጽፎ ተሰጥቷል፦ ከነጩ ቀለም ሥር ቢጫ ሽፋን መኖሩንና ሊድ ሊኖርበት እንደሚችል፣ ጣሪያውና የኋላ ክፍሉ ገና ስላልተነኩ በደረቁ እንዳይፋቁ፣ ስቱኮ ያለባቸው ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ የተቀባው ፕራይመር ኢፖክሲ መሆኑን። የቀለም ቀቢው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ጣሪያው ነበር፤ በግራይንደር ሊጀምረው አስቦ እንደነበር ነገረኝና ውኃ አዘዘ።

የተጠራቀመው የቀለም ጭቃ ውኃው ከተነነ በኋላ በሁለት ፌስታል ታስሮ፣ ምልክት ተጽፎበት፣ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል፤ አደገኛ ቆሻሻ የሚረከብ አካል እስኪገኝ ድረስ ከተራው ቆሻሻ ጋር አይወጣም። ለቀጣዩ መኪና መቅደም ያለበት የግራይንደሩ ክዳን፣ ሁለተኛ የአቧራ ማጣሪያና ለቱታዎቹ የሚሆን የተለየ ሣጥን ሲሆን፣ የግዢ ጥያቄው ዛሬ ለባለቤቱ ቀርቧል።